ከቴክሳስ ውጭ ላለ ገዢ መሣሪያ መሸጥ፦ ሜሪላንድ፣ ኮሎራዶ፣ ካሊፎርኒያ

የጋርላንዱ አዳኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ነው። ጠቅልዬ ወደ አዲስ አበባ ልገባ ስለሆነ ከመሄዴ በፊት መሣሪያዎቼን መሸጥ አለብኝ። ያለኝ አንድ ቤሬታ 92 ሽጉጥ 15 ጥይት ከሚጎርሱ ካዝናዎች ጋር፣ አንድ ኤአር-15 ጠመንጃ 30 ከሚጎርሱ ካዝናዎች ጋር፣ አንድ ማነጣጠሪያ መነጽርና ማሸጊያው ያልተከፈተ ጥይት ነው። ሁሉንም እዚሁ ከሱቅ፣ ፎርም ሞልቼና ተጣርቼ የገዛኋቸው ናቸው።

ሦስት ሰዎች ጠይቀውኛል። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ሽጉጡን ይፈልጋል። አውሮራ፣ ኮሎራዶ ያለ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ጠመንጃውን ከነካዝናዎቹ ልውሰድ ብሎኛል። ማስታወቂያዬን ያየ አንድ የማላውቀው የሳክራሜንቶ ሰው ደግሞ መነጽሩን፣ ተጨማሪ ካዝናዎችንና ጥይቱን ብቻ ይፈልጋል፤ «እነዚህ መሣሪያ ስላልሆኑ በፖስታ ላክልኝ» ይላል።

እዚህ ቴክሳስ ውስጥ ሁለት የቴክሳስ ነዋሪዎች ሲሸጡና ሲገዙ ወረቀት አይጠየቅም። ገዢው ሌላ ግዛት ሲሆን ግን እያንዳንዱ ሰው የተለየ ነገር ይነግረኛል። በሕግ የገዛሁትን በሕግ አስረክቤ፣ ስሜ ያለበት መሣሪያ የት እንደደረሰ ሳልሰጋ አውሮፕላን ላይ መውጣት እፈልጋለሁ። የምታውቁ እርዱኝ።

ባለ ሱቁ፣ ፎርት ዎርዝ

ወንድሜ፣ መጠየቅህ ትክክል ነው። የፌዴራል የመሣሪያ ንግድ ፈቃድ አለኝ፤ ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ።

መነሻው የ1968ቱ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው ፈቃድ ለሌለው የሌላ ግዛት ነዋሪ መሣሪያ መሸጥም፣ መስጠትም፣ በስጦታ ማስረከብም አይችልም። የሥጋ ዘመድ ቢሆንም፣ ሁለታችሁም ንጹሕ ብትሆኑም ለውጥ የለውም። መንገዱ አንድ ነው፦ መሣሪያው ገዢው በሚኖርበት ግዛት ላለ ባለ ፈቃድ ነጋዴ ይደርሳል፣ ገዢው እዚያ ሄዶ ፎርም 4473ን ይሞላል፣ ይጣራል፣ ይረከባል። የአክስትህ ልጅ ሽጉጡን መረከብ የሚችለው ከሜሪላንድ ነጋዴ እጅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ደውሎ ነጋዴ ማግኘት ያለበት ገዢው ነው። ብዙ ሱቆች ፈቃድ ከሌለው ሰው የተላከ ጥቅል አይቀበሉም፤ ከሌላ ነጋዴ ብቻ ነው የሚረከቡት። የሚቀበል ከተገኘ ፈቃዱን የፌዴራሉ የመሣሪያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤቲኤፍ ባዘጋጀው «ኢዚ ቼክ» በተባለው ድረ ገጽ ላይ አረጋግጥ፤ ቁጥሩን አስገብተህ አድራሻው ጥቅሉ ከሚሄድበት ጋር መግጠሙን ታያለህ።

አላላኩ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው ሽጉጥ በፖስታ እንዳይልክ የሚከለክል ሕግ ከ1927 ጀምሮ አለ። ረጅም ጠመንጃ በሌላ ግዛት ላለ ባለ ፈቃድ በፖስታ መላክ ይፈቀዳል። ዩፒኤስና ፌዴክስ ደግሞ በ2022 ደንባቸውን አጥብቀው አገልግሎቱን ስምምነት ላላቸው ባለ ፈቃዶች ወሰኑት። ስለዚህ ለአንተ የሚሻለው በአቅራቢያህ ላለ ነጋዴ አስረክበህ እሱ ለሜሪላንዱ ነጋዴ እንዲልክ ማድረግ ነው። ክፍያው ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፤ ሁለቱም ያስከፍላሉ፤ ማን እንደሚከፍል ከዘመድህ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ደጀን

ይህ ሁሉ ምን ያስፈልጋል? የአክስቱ ልጅ ለፋሲካ ዳላስ ይመጣል፣ ይከፍለዋል፣ ይዞ ይሄዳል። ቴክሳስ ውስጥ እስከተገበያዩ ድረስ የሚመለከታቸው የቴክሳስ ሕግ ነው።

እህተ ማርያም፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድም ደጀን፣ ይህን ምክር ማንም እንዳይከተለው ብዬ ነው የምጽፈው። የምሠራው ከጠበቆች ጋር ነው፤ በዚህ መንገድ የተጀመረ ነገር ቤተሰብን የት እንደሚያደርስ አይቻለሁ።

የፌዴራሉ ሕግ ገንዘቡ የት እንደተቆጠረ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ገዢው የት እንደሚኖር ነው። የሜሪላንድ ነዋሪ ዳላስ መጥቶ ከግለሰብ እጅ ሽጉጥ ይዞ ቢመለስ ሻጩም ገዢውም ሕግ ጥሰዋል፤ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስራት ይደርሳል። በ2022 የወጣው ሕግ ደግሞ ለሌላ ሰው ተብሎ የሚደረግ ግዢንና ሕገ ወጥ ዝውውርን ለብቻቸው ወንጀል አድርጎ ቅጣቱን እስከ 15 ዓመት አድርሶታል።

ከእስራቱ በላይ ግን ልባችን ሊደነግጥ የሚገባው በሌላ ነገር ነው። ከመካከላችን ብዙ ሰው ገና ዜግነት አልወሰደም። የኢሚግሬሽን ሕጉ በመሣሪያ ግዢ፣ ሽያጭ፣ ይዞታ ወይም ዝውውር ሕግ ጥሶ የተፈረደበትን የውጭ ዜጋ ከአገር ሊያስወጣው እንደሚችል በግልጽ ይደነግጋል። አረንጓዴ ካርድ አያስጥልም። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው፣ ልጆቹ እዚህ የተወለዱለት ሰው፣ ለዘመዱ ውለታ እየዋለ መስሎት በሚፈጽመው አንድ ርክክብ የመባረር ሂደት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለአሜሪካዊው ጎረቤታችን ቅጣቱ እስራትና ገንዘብ ነው፤ ለእኛ ከዚያ በኋላ ሌላ ፍርድ ቤት ይከተላል።

«ሁለታችንም ንጹሕ ነን» የሚለውም መከራከሪያ አያድንም። የአብራምስኪን ጉዳይ አንብቡት። የቀድሞ ፖሊስ ነው፤ በ2009 ቨርጂኒያ ውስጥ ሽጉጥ ገዝቶ ፔንሲልቬንያ ለሚኖር አጎቱ አሳለፈ። ገንዘቡን አስቀድሞ የላከለት አጎቱ ነበር። ፔንሲልቬንያ ሲደርስም በባለ ፈቃድ ነጋዴ በኩል፣ አጎቱ ተጣርቶ ነው የተረከበው። ሁለቱም መሣሪያ ለመያዝ ብቁ ነበሩ። ጥፋቱ ሱቁ ውስጥ ፎርሙ ላይ «እውነተኛው ገዢ እኔ ነኝ» ማለቱ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ጥፋተኛነቱን አጸናው። በራስ ገንዘብ ገዝቶ ከልብ በስጦታ መስጠት ሌላ ነው፤ እሱም ቢሆን ተቀባዩ ሌላ ግዛት ካለ በነጋዴ በኩል ነው የሚያልፈው።

ስለ ዘመድህ ደግሞ፦ ሜሪላንድ ውስጥ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፣ በተለምዶም የሽጉጥ ብቁነት ፈቃድ ቀድሞ መያዝ ግድ ነው፤ ለእሱ ሥልጠናና የጣት አሻራ ይጠየቃል። ከዚያ ነጋዴው ማመልከቻውን ለግዛቱ ፖሊስ ያስገባል፣ 7 ቀን ይጠበቃል። የሽጉጡ ዓይነት የግዛቱ ፖሊስ በሚያወጣው የተፈቀዱ ሽጉጦች ዝርዝር ላይ መኖር አለበት። ብቁነቱን ገና ካልያዘ ዛሬውኑ ይጀምር፤ የመመለሻ ቀንህን ስታስብ ይህን ጊዜ ቁጠር።

ደጀን

እህቴ፣ አመሰግናለሁ። ነዋሪነቱ እንጂ ቦታው እንደማይወስን አላውቅም ነበር።

ባለ ሱቁ፣ ፎርት ዎርዝ

እህተ ማርያም የጻፈችውን ሁሉ እደግፋለሁ። ሽጉጡ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቤሬታ 92 ከ15 ጥይት ካዝናው ጋር ወደ ሜሪላንድ አይላክም። እዚያ ከ10 በላይ የሚጎርስ ካዝና መሸጥም፣ መግዛትም፣ መቀበልም፣ ማስተላለፍም ከ2013 ጀምሮ ክልክል ነው። ካዝናዎቹን አውጥተህ አስቀር፤ ባለ 10 ካዝና ለዚህ ሽጉጥ በቀላሉ ይገኛል፤ ዘመድህ እዚያው ይገዛል። ነጋዴው ሣጥኑን ሲከፍት ባለ 15 ካዝና ካገኘ ጣጣው የሁላችሁም ነው። ይኸው የ2013 ሕግ ቤሬታን ራሱን አስኮርፎ ማምረቻውን ከሜሪላንድ ወደ ጋላቲን፣ ቴኔሲ እንደሚያዛውር በ2014 እስከማሳወቅ አድርሶታል።

አሁን ወደ ሳክራሜንቶው ሰው። «መሣሪያ ስላልሆኑ በፖስታ ላክ» የሚለው ከሦስቱ ዕቃዎች ለአንዱ ብቻ ይሠራል።

መነጽሩን ላክለት። ማነጣጠሪያ መነጽር፣ የሽጉጥ ማኅደር፣ ማንገቻ፣ የጽዳት ዕቃ በፌዴራል ሕግ እንደ መሣሪያ አይቆጠሩም፤ ካሊፎርኒያም እንዲህ ያለ ተራ መነጽር አትከለክልም።

ካዝናዎቹን በምንም መንገድ አትላክ። የፌዴራል መንግሥት ካዝናን አይቆጣጠርም፤ ካሊፎርኒያ ግን ከ10 በላይ የሚጎርሰውን ወደ ግዛቷ ማስገባትም ለሽያጭ ማቅረብም ወንጀል አድርጋዋለች። የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በማርች 2025 ክልከላውን ደግፏል። ገዢው «ማንም አያየውም» ቢልህ ላኪው ስሙና አድራሻው ጥቅሉ ላይ የተጻፈው አንተ ነህ።

ጥይቱ ደግሞ በካሊፎርኒያ ለግለሰብ ቤት አይላክም። ፈቃድ ባለው የጥይት ሻጭ በኩል ማለፍ አለበት፣ ከጁላይ 2019 ጀምሮም ገዢው በእያንዳንዱ ግዢ ይጣራል። ይህ ሕግ ፍርድ ቤት ሲመላለስ የቆየ ነው፤ አንድ ውሳኔ አይተህ ተሽሯል ብለህ አትቸኩል። በተጨማሪም የአሜሪካ ፖስታ ቤት ጥይት በጭራሽ አይቀበልም። የእኔ ምክር ጥይቱን እዚሁ ለቴክሳስ ሰው ሽጠው፤ ዋጋው ልፋቱን አያወጣም።

ተመሳሳይ ጥያቄ ከሌላ ግዛት ለሚመጣባችሁ፦ ኢሊኖይ ያለ ሰው ጥይት ከሌላ ግዛት ሲገዛ የባለቤትነት መታወቂያ ካርዱን ቅጂ ለሻጩ መላክ አለበት። ኒው ዮርክ ጥይት በቀጥታ ወደ ቤት መላክን አይፈቅድም። የካዝና ገደቡ በየቦታው ይለያያል፤ ኮሎራዶ 15 ነው፣ ደላዌር 17፣ ኢሊኖይና ቬርሞንት ለጠመንጃ 10 ለሽጉጥ 15፣ ኒው ጀርሲና ማሳቹሴትስ 10። ድምፅ ማፈኛ ደግሞ ከተራ ዕቃዎች ጋር አይደባለቅ፤ በፌዴራል ሕግ ራሱ እንደ መሣሪያ ይቆጠራል፣ በኤቲኤፍ መዝገብ ነው የሚተላለፈው። ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ የ200 ዶላሩ ግብር ወደ ዜሮ ወርዷል፤ ምዝገባው ግን አልቀረም፣ ካሊፎርኒያን፣ ኒው ዮርክንና ኢሊኖይን ጨምሮ በ8 ግዛቶች ለግለሰብ ክልክል ነው።

ከአውሮራ

ኮሎራዶ ስለምኖር ስለ ጠመንጃው ልናገር። እዚህ ከ15 በላይ የሚጎርስ ካዝና መሸጥና ማስተላለፍ ከጁላይ 2013 ጀምሮ ክልክል ነው፤ ባለ 30ዎቹን ከነጠመንጃው ብሎ ነገር የለም። ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ደግሞ ከግዢው በኋላ 3 ቀን መጠበቅ ግዴታ ነው።

ትልቁ ለውጥ ግን በ2025 የተፈረመው ሕግ ነው። ተነቃይ ካዝና ያላቸውን አብዛኞቹን በራሳቸው የሚጎርሱ ጠመንጃዎች ለመግዛት ሥልጠና ወስዶ ማለፍ ግድ ይላል፣ ተፈጻሚ የሚሆነውም ከኦገስት 1 ቀን 2026 ነው። ኤአር-15 በትክክል እዚያ ውስጥ ይወድቃል። ባልደረባህ ሥልጠናውን ወስዷል ወይ ብለህ ጠይቀው። አድራሻውም አውሮራ መሆኑን ከመታወቂያው አረጋግጥ፤ ሰው ሁሉ «ዴንቨር ነኝ» ወይም «አውሮራ ነኝ» ይላል፣ የዴንቨር ከተማ ግን በራሷ ደንብ እንዲህ ያሉትን ጠመንጃዎች ከ1989 ጀምሮ ከልክላለች። መንገድ በማቋረጥ ሕጉ ይለወጣል።

የጋርላንዱ አዳኝ

ባልደረባዬ ዳላስ መጥቶ ከአንድ ሱቅ በቀጥታ ቢረከበውስ? ረጅም ጠመንጃ ከሽጉጥ ይለያል ሲባል ሰምቻለሁ።

ባለ ሱቁ፣ ፎርት ዎርዝ

ይለያል። ከ1986ቱ ማሻሻያ ወዲህ ባለ ፈቃድ ነጋዴ ረጅም ጠመንጃን ለሌላ ግዛት ነዋሪ ፊት ለፊት መሸጥ ይችላል። ሁኔታው ሽያጩ የሁለቱንም ግዛቶች ሕግ ማሟላቱ ነው፤ የቴክሳሱ ነጋዴ የኮሎራዶን ሕግ እስከ ጥጉ ማወቅ አለበት ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ለኮሎራዶ ነዋሪ ኤአር-15 በዚህ መንገድ አልሸጥም። የሥልጠናውን ማስረጃ፣ የጥበቃውን ቀን፣ የካዝናውን ቁጥር እዚያ ያለው ነጋዴ ከእኔ የተሻለ ያውቃል፤ ኃላፊነቱም በየቀኑ የሚሠራው ሰው ላይ ቢሆን ይሻላል። ለአደን ሾትገን ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

ረጅም መንገድ

የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። አንዳንድ ሰው «ራሴ ነድቼ አደርሰዋለሁ» ስለሚል ይህን ላክል። የራስህን መሣሪያ ይዘህ ለሌላ ግዛት ነጋዴ ራስህ ማስረከብ ትችላለህ፤ ችግሩ በመካከል ያሉት ግዛቶች ናቸው። የ1986ቱ ሕግ መሣሪያ መያዝ ከሚፈቀድልህ ቦታ ወደ ሌላ የሚፈቀድልህ ቦታ ስታልፍ ይጠብቅሃል፦ ጥይቱ የወጣ፣ መሣሪያውም ጥይቱም ከእጅህ የራቀ መሆን አለበት። እንደ እኛ ጋቢና ለብቻው የተዘጋ የዕቃ ክፍል ከሌለ በተቆለፈ ሣጥን ይሁን፤ ከፊት ያለው የዳሽቦርድ ኪስ አይቆጠርም።

ጥበቃው የሚሠራው እስካለፍህ ድረስ ነው። ሬቬል የሚባል የዩታ ሰው በ2005 ወደ ፔንሲልቬንያ ሲበር ኒውዋርክ ላይ የሚቀጥለው በረራ አመለጠው። ሻንጣውን ተቀብሎ ሆቴል አደረ። በማግስቱ ኤርፖርት ላይ ሽጉጥ እንዳለው ራሱ ሲያሳውቅ ኒው ጀርሲ አሰረችው። ክሱ በኋላ ቢነሳም ለመታሰሩ ያቀረበውን አቤቱታ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2010 አልተቀበለውም፤ ሻንጣው ሌሊቱን በእጁ ስለነበር ጥበቃው አይሸፍነውም አለ። በኒው ጀርሲ የሚያልፍ ወንድም ሁሉ ይህን ይወቅ፤ እኔ በዚያ መስመር ስሠራ መሣሪያ ቤቴ ነው የሚቀረው።

የልጆች እናት

ስታነቡኝ አትቆጡ። ኡቫልዴ ላይ በሜይ 2022 19 ሕፃናትና 2 አስተማሪዎች የተገደሉበት መሣሪያ በሕጋዊ መንገድ፣ በነጋዴ በኩል የተገዛ ነበር። ልጆቼን ጠዋት ትምህርት ቤት ሳደርስ ይህ ከአእምሮዬ አይወጣም። ስለ ክፍያና ስለ ጥቅል ስትነጋገሩ መሣሪያው በመጨረሻ ማን እጅ እንደሚገባ ስለማሰብ አንድ ቃል ብትጨምሩ ደስ ይለኛል።

እህተ ማርያም፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ ማንም አይቆጣሽም። ቅድም የጠቀስኩት የ2022 ሕግ ከኡቫልዴ በኋላ በአንድ ወር ገደማ የወጣ ነው።

ክልከላው ሁሉ የተጀመረውም በእንዲህ ያለ ኀዘን ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉበትን ጠመንጃ ገዳያቸው ኦስዋልድ በ1963 ከቺካጎ ሱቅ በፖስታ አዝዞ፣ በሐሰተኛ ስም፣ ዳላስ ባለው የፖስታ ሣጥኑ ነው የተቀበለው። የ1968ቱ ሕግ ያንን በር ዘጋ። ዛሬም ኒው ዮርክ ውስጥ በወንጀል ላይ የሚያዙ ሽጉጦች አብዛኞቹ ከሌሎች ግዛቶች የሄዱ ናቸው፤ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚወስደውን 95 ቁጥር አውራ ጎዳና «የብረት ቧንቧ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ጋርላንድ ላለው ወንድማችን የምጨምረው፦ ገዢው ያልተፈቀደለት ሰው እንደሆነ ካወቅህ ወይም ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ካለህ ቴክሳስ ውስጥም ቢሆን መሸጥ ወንጀል ነው። በወገኖቻችን ዘንድ በብዛት የሚረሳው የተማሪ ወይም የጎብኚ ቪዛ ነው፤ እንዲህ ባለ ቪዛ ያለ ሰው እንደ አደን ፈቃድ ያለ የተለየ ምክንያት ካልኖረው በስተቀር መሣሪያ መግዛትም መያዝም አይችልም። አረንጓዴ ካርድ ያለው ይችላል።

ሰናይት፣ ሲያትል

ከጉዳዩ ብዙም የራቀ አይመስለኝም። አባቴ ሂውስተን አርፈው አንድ ሽጉጥና አንድ ጠመንጃ ትተዋል። ወራሿ እኔ ነኝ። እኔም በነጋዴ በኩል ነው የማልፈው?

ባለ ሱቁ፣ ፎርት ዎርዝ

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። የፌዴራሉ ሕግ በኑዛዜ ወይም በሕግ ውርስ የተገኘን መሣሪያ ከዚህ ግዴታ ነጻ አድርጎታል፤ ከቴክሳስ ወስደሽ ወደ መኖሪያሽ ማምጣት ትችያለሽ። የግዛትሽ ሕግ ግን ይቀራል። ጠመንጃው በዋሽንግተን የ2023 ክልከላ ውስጥ የሚወድቅ ቢሆን እንኳ ሕጉ ለወራሽ በር ትቷል። ከ10 በላይ የሚጎርሱ ካዝናዎች ካሉ ግን ሂውስተን ተያቸው፤ ወደ ዋሽንግተን ማስገባት ከ2022 ጀምሮ ክልክል ነው። የውርሱን ሰነድ ቅጂ ከመሣሪያው ጋር አትለዪው። ከመንገዱ በፊት እዚያው ግዛት ያለ ጠበቃ አንድ ጊዜ አማክሪ።

የጋርላንዱ አዳኝ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከዘመዴ ጋር ተነጋግረናል፤ የብቁነት ፈቃዱን አስቀድሞ ይዟል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ያለ ነጋዴም ለመቀበል ተስማምቷል። ሽጉጡ ያለ ካዝና ከዳላስ ሱቅ ይላካል። ለባልደረባዬ እንደማልሸጥለት ነግሬዋለሁ፤ ጠመንጃውን፣ ካዝናዎቹንና ጥይቱን እዚሁ ያለ ሱቅ በአደራ እንዲሸጥልኝ ልሰጠው ነው። የሳክራሜንቶው ሰው መነጽሩ ብቻ እንደሚላክለት ስነግረው አልፈልግም ብሏል። መነጽሩን ታዲያ በሻንጣዬ ይዤ ወደ አዲስ አበባ ልግባ ይሆን? ለአደን የሚሆነው አጎት አለኝ።

ባለ ሱቁ፣ ፎርት ዎርዝ

አታድርገው። አገር ውስጥ ነጻ የሆነው መነጽር ከአሜሪካ ሲወጣ የንግድ ሚኒስቴሩ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ውስጥ ይገባል፤ ያለ ፈቃድ ወደ ኢትዮጵያ መውሰድ የፌዴራል ወንጀል ሊሆን ይችላል። በአገር ቤት በኩልም አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ቦሌ ላይ በመሣሪያ ዕቃ ተይዞ ማስረዳት የምትፈልገው ነገር አይደለም። ከጠመንጃው ጋር ለሱቁ ስጠው፣ አብሮ ይሸጥልሃል። ሽጉጡን ስታስረክብ ደግሞ የመለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ከሱቁ ተቀበል፤ የሜሪላንዱ ነጋዴ መረከቡን የሚገልጽ መልእክት እስኪደርስህም ቲኬትህን አትቁረጥ።